አንድ ስም የቀረው መዝገብ

አዲስ አበባ ውስጥ «ሲስተም የለም» ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ጉዳይ ገጥሞት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ተሰልፈህ ተሰልፈህ ተራህ ሲደርስ፣ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ስክሪኗን አየት ታደርግና «ሲስተም የለም» ትልሃለች። አንተ ኔትወርክ ይመስልሃል። ብዙ ጊዜ እውነትህን ነው። እኔ ግን ከመስኮቱ ጀርባ፣ ሰርቨር ክፍል ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። አንዳንዴ ሲስተሙ የሚጠፋበትን ምክንያት ለመናገር አፍራለሁ። ዲስክ ሞልቶ ነው። በቃ።

ዛሬ የማወራው ዲስኩ ከመሙላቱ በፊት እንዲጮህ ስለተጻፈ ትንሽ ኮድ ነው። ኮዱ ያለው ኪውኢሙ ውስጥ ነው። ስሙን ባትሰሙት እንኳ አገልግሎቱን ሳታገኙ አልቀራችሁም። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ በ2003 ያወጣው ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር)። በ2007 ሊኑክስ ውስጥ ከገባው ኬቪኤም ጋር ተጣምሮ አንዱን ሰርቨር ብዙ ሰርቨር ያደርገዋል። ሰርቨር ማስተዳደሪያዎቹን ፕሮክስሞክስ በሉት ኦፕንስታክ፣ ከሥር ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። በ2021 የዚህ ሶፍትዌር የዲስክ ጠባቂ ኮድ ቀለል ተደረገ። ዜና አልሆነም። መሆንም አልነበረበትም። እኔን ግን ስለ ሥራዬ ብዙ አሳስቦኛል።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ቢሯችን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። «ሰርቨር ክፍል» የምንላት ድሮ የፋይል ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ያረጀ የጋራ ስቶሬጅ፣ ሌት ተቀን የሚያጉረመርም ኤሲ። ሰርቨሮቹ ላይ ዘጠኝ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ሰርቨሮች ይሠራሉ፤ በአጭሩ ቪኤም እንላቸዋለን። የሂሳብ ክፍሉ ዳታቤዝ አንዱ ላይ ነው።

ለዚህ ቪኤም 200 ጊጋባይት ዲስክ ሰጥተነዋል። ሰጥተነዋል ስል፣ ቃል ገብተንለታል ማለቴ ነው። ስቶሬጁ ላይ በእውነት የተቆረሰለት 40 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ሲያድግ እየቀጠልንለት እንሄዳለን። ቲን ፕሮቪዥኒንግ የሚሉት ይሄንን ነው። ብልጠትም ነው፣ ማታለልም ነው። ባንክም እኮ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ቀን ብሬን ላውጣ ቢል አይችልም። ሁሉም በአንድ ቀን አይመጣም ብሎ ነው የሚሠራው።

ቦታ የሚቀጥልለት እኔ የጻፍኩት ስክሪፕት ነበር። በየ5 ደቂቃው ይነሳል። ምን ያህል እንደተጻፈ ያያል። የቀረው ከ5 ጊጋባይት ካነሰ 10 ይጨምርና ተመልሶ ይተኛል። ሁለት ዓመት ኮሽ ሳይል ሠራ። እኔም ረሳሁት።

አንድ የወር መጨረሻ፣ ከምሳ በኋላ፣ የሂሳብ ክፍሉ ሰዎች ሊያነጻጽሩ የአምናውን ባክአፕ መልሰው ጫኑ። 12 ጊጋባይት በ3 ደቂቃ። የቀረው ቦታ 6 ነበር። ስክሪፕቴ ደግሞ ገና አሁን አይቶ የተኛ። ስልኬ ጮኸ። «አንተ ልጅ፣ ሲስተሙ ስታክ አድርጓል፤ ደሞዝ እየሠራን ነው እኮ!» የሂሳብ ኃላፊያችን ናቸው። «እሺ እትዬ፣ አንዴ ይታገሱኝ» ብዬ የማሽኖቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ስምንቱ «ራኒንግ» ይላሉ። አንዱ «ፖዝድ»።

ፖዝድ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ስቶሬጁ «ቦታ የለም» ብሎ ሲመልስ፣ ኪውኢሙ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ይሄን ለቪኤሙ አይነግረውም። ቪኤሙን ባለበት ያቆመዋል። ጥሩ ውሳኔ ነው። ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ጽሑፉ እንዳልተሳካ ቢነገረው የጀመረውን ጥሎ ሊወጣ ይችላል። ባለበት ሲቆም ግን ምንም አያውቅም። ቦታ ጨምረህ «ቀጥል» ስትለው ያቺኑ ያልተሳካች ጽሑፍ ደግሞ ይሞክርና ይቀጥላል። ጨመርኩ፣ ቀጥል አልኩት፣ ቀጠለ። ሁሉም ነገር 20 ደቂቃ ፈጀ። በነዚያ 20 ደቂቃዎች ሂሳብ ክፍል ውስጥ ስለኔ የተባለውን እዚህ መጻፍ አልችልም።

ስህተቴ የቱ ላይ ነው? ያማከርኳቸው ጓደኞቼ «በየደቂቃው አታደርገውም ነበር?» አሉኝ። ደቂቃው አይደለም ችግሩ። እየተነሱ ማየቱ ራሱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ውሃው ሌሊት ይመጣል። ሮቶው ሲሞላ ሰው ተነስቶ መዝጋት አለበት። በየሰዓቱ ብትነሳ፣ በመሃል ሞልቶ ግቢውን ያጥለቀልቀዋል። በየ5 ደቂቃው ብትነሳ እንቅልፍ የለህም። የሚያስፈልግህ ውሃው እዚህ ምልክት ላይ ሲደርስ ራሱ የሚቀሰቅስህ ነገር ነው።

ኪውኢሙ ውስጥ ይሄ ነገር ከ2015 ጀምሮ አለ። ስክሪፕቴን ስጽፍም ነበረ፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

የገባው በቨርዥን 2.3 ነው። ፍላጎቱ የመጣው ከኦቨርት በኩል ነው። ኦቨርት በሬድ ሃት የሚደገፍ፣ ብዙ ኬቪኤም ሰርቨሮችን አንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነበር። አሠራሩ ከኛ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የጋራ ስቶሬጅ ላይ ትንሽ ትቆርሳለህ፣ ሲያልቅ ትቀጥላለህ። እነሱም እንደኔ እየተነሱ ያዩ ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ በየጥቂት ሰከንዱ፣ ለእያንዳንዱ ዲስክ ማየታቸው ነው። ቪኤሙ በበዛ ቁጥር ማየቱ ራሱን የቻለ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ኪውኢሙን «እኛ ከምንጠይቅህ አንተ ንገረን» አሉት። ራይት ትሬሾልድ የሚባለው ነገር እንዲህ ተወለደ።

አሠራሩ ይሄው ነው። ለዲስኩ አንድ ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ለምሳሌ 35 ጊጋባይት። ከዚያ በኋላ ወደ ዲስኩ በተጻፈ ቁጥር ኪውኢሙ አንድ ነገር ይደምራል፦ ጽሑፉ የሚጀምርበት ቦታ ሲደመር የጽሑፉ መጠን። ድምሩ ከቁጥሩ ካለፈ መልእክት ይልካል። የቱ ዲስክ እንደሆነ፣ ምልክቱ ስንት እንደነበር፣ በስንት እንዳለፈው ይናገራል። ከዚያ ምልክቱን ራሱ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ባይመልሰው ከዚያ ወዲያ ያለው ጽሑፍ ሁሉ መስመሩን ስለሚያልፍ መልእክቱ እንደ ጎርፍ ይመጣል። አንዴ ይጮሃል፣ ዝም ይላል። እንደገና ማስታጠቅ፣ ማለትም አዲስ ቁጥር መስጠት፣ ያንተ ሥራ ነው። ይቺን ልብ በሏት፣ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ነገሩ አንድ መደመርና አንድ ማወዳደር ነው። ኮዱ ግን ለስድስት ዓመት ያህል እንዲህ ቀላል አልነበረም።

ለምን? ወደ 2013 መመለስ አለብን። በዚያ ዓመት በቨርዥን 1.6 ቪኤሙ ሳይቆም ባክአፕ የሚወስድ አሠራር ወደ ኪውኢሙ ገባ። የኮዱ መነሻ የመጣው ከፕሮክስሞክስ ቤት ነው። ነገሩ ከባድ ነው። ባክአፑ ሲጀመር ዲስኩ ላይ የነበረውን እንዳለ መያዝ ትፈልጋለህ። ቪኤሙ ደግሞ መጻፉን አያቆምም። ስለዚህ አዲስ ነገር ሊጻፍ ሲል «ቆይ» ትለዋለህ። ሊሰረዝ ያለውን አሮጌ ነገር ቀድተህ ወደ ባክአፑ ትወስዳለህ። ከዚያ «በል ጻፍ» ትለዋለህ። ለዚህ ሲባል «ሊጻፍ ሲል ጥሩኝ» የሚል ሁሉ የሚመዘገብበት ዝርዝር ተሠራ። ኖቲፋየር ይሉታል።

ፒያሳ የነበሩትን አሮጌ የቢሮ ሕንጻዎች አስቡ። በሩ ላይ ጋሼ ጥበቃው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛቸው ላይ መዝገብ አለ። ዕቃ ሊገባ ሲል መዝገቡን ይገልጣሉ። «ዕቃ ሲመጣ ይነገረኝ» ብሎ ስሙን ያሰፈረውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይጠራሉ። ከተጠሩት አንዱ «አይግባ» ካለ አይገባም። በ2013 ባክአፕ ተመዘገበ። በ2015 የዲስክ ጠባቂያችን፣ ራይት ትሬሾልድ፣ መጣ። መዝገቡ አለ፣ እስክሪብቶው አለ፤ እሱም ስሙን ጻፈ። ያን ጊዜ ትክክል ነበር። ማንም ፕሮግራመር እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

በ2019 ባክአፕ ሕንጻውን ለቀቀ። ወደ ፊልተር ተዛወረ። ፊልተር ማለት በቪኤሙና በዲስኩ መሃል የሚገባ፣ ጽሑፉ ሁሉ በውስጡ የሚያልፍ ንብርብር ነው። ከመዝገቡ የሚሻለው በግልጽ ስለሚታይ ነው። የዲስኩን ሰንሰለት ስትመለከት ፊልተሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። መዝገብ ላይ የተጻፈ ስም ግን ሰንሰለቱ ላይ አይታይም። አንድ ሰው ጽሑፉን መሃል ላይ እያስቆመ፣ ከውጭ ሲታይ ግን ማንም የሌለ ይመስላል።

ባክአፕ ሲሄድ መዝገቡ ላይ አንድ ስም ብቻ ቀረ። ለጋሼ ግን ማንም አልነገራቸውም። ዕቃ በመጣ ቁጥር መዝገብ ይገልጣሉ። ከላይ ይጀምራሉ። አንድ ስም ያገኛሉ፣ ይጠሩታል። ገጹን ገልበጥ አድርገው ሌላ ይፈልጋሉ። የለም። ይዘጋሉ። ሌላ ዕቃ ይመጣል፣ መዝገብ ይገለጣል።

ይሄን ያስተዋልኩት እኔ አይደለሁም። አምስት ኪሎ የምትማር አንዲት ልጅ ለኢንተርንሺፕ እኛ ጋ ነበረች። ከዚያ የደሞዝ ቀን ውርደት በኋላ የኮዱን የድሮና የአሁን ቅጂ ላፕቶፗ ላይ ጎን ለጎን ከፈትኩላትና «ልዩነቱን አንብበሽ አስረጂኝ» አልኳት። ለማስተማር ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም በደንብ አላነበብኩትም ነበር። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። የሷ ማኪያቶ ሳይጠጣ በረደ።

የድሮው ኮድ መጨረሻ ላይ ጣቷን አሳረፈች። እዚያ ጋ የጠባቂው ሥራ ያልቃል፣ ዜሮ ይመልሳል። አጠገቡ ፕሮግራመሩ አጭር ማስታወሻ ጽፏል። ሐሳቡ «ሌሎቹ ኖቲፋየሮች ሁልጊዜ ተራቸውን ማግኘት አለባቸው» የሚል ነው። ዜሮ መመለስ «እኔ አልከለክልም፣ ቀጣዩን ጥሩ» ማለት ነው።

«ሌሎቹ እነማን ናቸው?» አለችኝ።

መፈለግ ጀመርን። ሙሉውን ኮድ አውርዳ ስለነበር ፍለጋው ብዙ አልፈጀም። ከባክአፕ መውጣት በኋላ ባሉት ቨርዥኖች ውስጥ በመዝገቡ የሚጠቀም ሌላ የለም። ጠባቂው ማንም በሌለበት ትህትና ያሳይ ነበር። «እናንተ ቅደሙ» እያለ፣ ለባዶ ክፍል።

ትህትናው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መዝገቡ ሌላም ጣጣ ያመጣል። ምልክቱን ስታስቀምጥ ኮዱ መጀመሪያ ተመዝግቦ እንደሆነ ያጣራል፣ ካልሆነ ይመዘገባል። ወደ ዜሮ ስትመልሰው ከመዝገብ ይሰረዛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ቅድም እንዳልኩት ጠባቂው ከጮኸ በኋላ ምልክቱን ራሱ ዜሮ ያደርጋል። ይሄ ማለት ጋሼ መዝገቡን እያነበቡ፣ የጠሩት ሰው መጥቶ፣ እጃቸው ላይ ያለውን መዝገብ ነጥቆ የራሱን ስም ሰርዞ ይሄዳል ማለት ነው። እሳቸው ገና ንባባቸውን አልጨረሱም። ኪውኢሙ ውስጥ ዝርዝሩ የሚነበበው እንዲህ ያለው ስረዛ እንዳያሳስተው ተብሎ በተጠነቀቀ መንገድ ስለነበር አደጋ አልነበረም። ግን አስቡት። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ መደመርና ለአንድ ማወዳደር ነው።

ሌላም አለ። ተመዝጋቢው ሁሉ «አይግባ» የማለት ሥልጣን ነበረው። ለባክአፕ ያስፈልገው ነበር። አሮጌውን መቅዳት ካልቻለ አዲሱ እንዳይጻፍ ማገድ ሊኖርበት ይችላል። ጠባቂው ግን አንድም ቀን አግዶ አያውቅም፣ ሊያግድም አልተፈጠረም። የማይጠቀምበትን ሥልጣን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ኮዱን የሚያነብ ሰው ደግሞ ይሄን አያውቅም። «ይሄ ነገር ጽሑፍ ሊያስቆም ይችላል እንዴ?» ብሎ እስከ መጨረሻው ተከትሎ ማረጋገጥ አለበት።

በ2021 የሆነው ይሄ ነው። መዝገቡ ከነጠረጴዛው ተነሳ። ጽሑፍ ሊጻፍ ሲል የሚጠራው ቦታ ላይ፣ መዝገብ በሚነበብበት ፈንታ፣ ጠባቂው በቀጥታ በስሙ ተጠራ። የሚጀምርበት ቦታና መጠኑ ይሰጠዋል፣ ያወዳድራል፣ ያበቃል። ምንም አይመልስም፤ ስለዚህ ማገድ እንደማይችል ከስሙ ፊት ለፊት ይታያል። ምልክት ማስቀመጥ ማለት አንድ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ መጻፍ ብቻ ሆነ። ማንም የማይጠራቸው ረዳት ፈንክሽኖች፣ እነሱን ብቻ ይፈትኑ የነበሩ ቴስቶች አብረው ወጡ። ቨርዥን 6.1 በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሲወጣ ለውጡ ውስጡ ነበር። ዛሬ የፋይሉን የፈቃድ ጽሑፍ ዘለል ካላችሁ የቀረው ኮድ አንድ ስክሪን ቢሞላ ነው።

ቪኤሞቹ ፈጥነዋል ወይ? አልፈጠኑም። አንድ ስም ያለው ዝርዝር ማንበብ ዲስክ ላይ ከመጻፍ አንጻር ምንም ነው። «ኮድ ቀለለ» ሲባል ፍጥነት የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። የቀለለው ለማሽኑ ሳይሆን ለአንባቢው ነው።

የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አልተስማማም። «ነገ ሌላ ሰው መዝገቡን ቢፈልገውስ? የተሠራ ነገር ለምን ይፈርሳል?» ይላል። የሱን ወገን አልንቀውም። አገራችን ውስጥ «ለነገ ይጠቅማል» ተብሎ የተቀመጠ ዕቃ አንዳንዴ በእውነት ይጠቅማል፤ የናቴ ጓዳ ምስክር ነው። ግን እዚህ ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ነገ የሚመጣው ሰው የሚሄድበት የተሻለ በር አለው፣ ፊልተሩ። መዝገቡ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ሳያውቅ ወደ አሮጌው በር ይሄድ ነበር። ሁለተኛ፣ ኮድ ጓዳ ውስጥ እንዳለ ድስት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሩጫው ላይ ነው ያለው። ሰው የረሳው ኮድ ማሽኑ አይረሳውም።

ለዚህ ኪውኢሙ ራሱ መራራ ታሪክ አለው። በሜይ 2015 ቬነም የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። የት ነበር? የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያው ውስጥ። ፍሎፒ! ኮዱ ከ2004 ጀምሮ እዚያ ነበር። በ2015 ሰርቨር ላይ ፍሎፒ የሚጠቀም ማን ነበር? ሆኖም መቆጣጠሪያው በብዙ ቪኤሞች ውስጥ ሳይጠየቅ ይገኝ ነበር፣ እና በዚያ በኩል ከቪኤሙ ወጥቶ ሰርቨሩን መያዝ ይቻል ነበር። የኛ መዝገብ እንደዚያ አደገኛ ነበር እያልኩ አይደለም። አልነበረም። ግን የፍሎፒው ኮድም ቀዳዳው እስኪገኝ ድረስ አደገኛ አይመስልም ነበር።

አሁን «ይሄ ሁሉ ለአዲስ አበባ ምኗ ነው?» የሚል ካለ፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመታት ያስታውስ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ፣ እንደ ኪውኢሙ ቪኤም የሚያሠራ ሶፍትዌር የሚሸጠውን ቪኤምዌርን በኖቬምበር 2023 ገዛ። ወር ሳይሞላ አንዴ ገዝተህ ለዘላለም የሚሆን ላይሰንስ መሸጥ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ በየጊዜው የሚከፈል ብቻ ሆነ። ክፍያው በዶላር ነው። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብር ሳይቀንስም ውድ የነበረውን ላይሰንስ አሁን ለአለቃ ማስፈረም ምን እንደሚመስል የአይቲ ሰዎች ታውቃላችሁ። ወረቀቱን አየት፣ አንተን አየት።

ስለዚህ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ያሉ የማውቃቸው የአይቲ ልጆች ሁሉ ስለ ፕሮክስሞክስና ኬቪኤም ያወራሉ። ነፃ ነው ይላሉ። ነፃነቱ ለላይሰንሱ ነው። በነፃ የሚደወልለት ኩባንያ የለም። የድጋፍ ኮንትራት መግዛት ይቻላል፤ እሱም በውጭ ምንዛሪ ነው። ኮንትራት የሌለው ቢሮ ችግር ሲመጣ የሚያማክረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ዶክመንቴሽኑንና ኮዱን። ብዙዎቻችን ኮድ መክፈት እንፈራለን። ኪውኢሙ ሚሊዮኖች መስመር ነው፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ በሌላ ዓለም ያሉ ሰዎች የጻፉት። እኔም እፈራ ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን በአንድ ከሰዓት ያንን ፋይል አንብባ ጨረሰችው። የአሁኑን ማለቴ ነው። የድሮው ላይ «ሌሎቹ እነማን ናቸው?» ብላ ቆማ ነበር። መዝገቡን ያነሱት ሰዎች ስለሷ አላሰቡም። ግን ያነሱላት ለሷ ነው።

ደወሉ፣ ራይት ትሬሾልድ ማለቴ ነው፣ ግን ሁሉን አይፈታም፣ ይሄን ሳልናገር ብቀር ሌላ ሰው የደሞዝ ቀን ላይ ይሰድበኛል። አንደኛ፣ የሚለካው የተጻፈውን መጠን አይደለም። የተጻፈበትን ከፍተኛ ቦታ ነው። ስለዚህ የሚታጠቀው ከሥር ባለው ዲስክ ላይ እንጂ ቪኤሙ በሚያየው ዲስክ ላይ አይደለም። ዲስኩ ኪውካው 2 የሚባለው የኪውኢሙ የዲስክ ፋይል ከሆነ፣ ቪኤሙ «150 ጊጋባይት ላይ ጻፍኩ» የሚለው ነገር ከሥር 8 ጊጋባይት ላይ ሊያርፍ ይችላል። የተሳሳተው ላይ ካስታጠቅኸው ወይ ያለጊዜው ይጮሃል፣ ወይ አይጮህም።

ሁለተኛው ለፕሮክስሞክስ ሰዎች ነው። ፕሮክስሞክስን እንደመጣ ከጫናችሁት፣ የቪኤም ዲስኮቹን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ኤልቪኤም ቲን በሚባለው የሊኑክስ ዲስክ ማከፋፈያ ላይ ነው። እዚያ ሁሉም ቪኤም ከአንድ ገንዳ ይቀዳል። የአንዱን ዲስክ መጠበቅ ስለ ገንዳው ምንም አይነግራችሁም። መጠበቅ ያለበት ገንዳው ነው። ኤልቪኤም ገንዳውን ራሱ የሚያሰፋበት መንገድ አለው፣ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 100 ላይ ነው። 100 ማለት «አታስፋ» ማለት ነው። ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩት።

ሦስተኛዋ ቅድም እመለስባታለሁ ያልኳት ናት።

ስክሪፕቴን ጥዬ ደወሉን ተከልኩ። ኪውኢሙን የምናዝበት ሊብቨርት የሚባለው ሶፍትዌር ከ2017 ጀምሮ ይደግፈዋል፤ አንድ ትእዛዝ ነው። ደወሉ ሲጮህ ቦታ ይጨምራል፣ ከዚያ አዲስ ምልክት ያስቀምጣል። ሦስት ወር እንደ ሰዓት ሠራ። በሰከንድ ውስጥ ነው የሚነቃው። ለሂሳብ ኃላፊያችን ሳይቀር አሳየኋቸው፣ «ጎሽ» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ሌሊት መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ጥቂት ታገለና ተሸነፈ። እሁድ ጠዋት መጥቼ ሰርቨሮቹን አስነሳሁ፣ ቪኤሞቹ ተነሱ፣ ሁሉም «ራኒንግ»። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ረቡዕ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። «አንተ ልጅ…»

ምልክቱ የሚኖረው በሚሠራው ኪውኢሙ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ቪኤሙ ጠፍቶ ሲነሳ አዲስ ኪውኢሙ ነው የሚነሳው፣ ምልክቱም ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ደወል የለም ማለት ነው። ከእሁድ እስከ ረቡዕ ማንም አይጠብቅም ነበር። የድሮው ስክሪፕቴ ቢኖር በ5 ደቂቃ ያየው ነበር።

አሁን ሊብቨርት ቪኤም ባስነሳ ቁጥር የሚጠራው ትንሽ ፋይል አለ፤ ምልክቱን የሚያስቀምጡ ሁለት መስመሮች እዚያ ውስጥ ናቸው። የጻፈቻቸው ኢንተርኗ ናት፣ በመጨረሻዋ ሳምንት። የድሮው ስክሪፕትም ተመልሷል። በቀን አንዴ ይነሳና አንድ ነገር ብቻ ያያል፦ ምልክቱ ዜሮ የሆነ ዲስክ አለ ወይ?